የትራክተር ማረጋጊያ ክንድ ደጋግሞ የሚጎብጠውና የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ትልመኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ጥያቄዬ የባለሦስት ነጥብ ማያያዣ (ከትራክተሩ ኋላ መሣሪያ የሚገጠምበት ክፍል) ማረጋጊያ ክንዶችን የሚመለከት ነው፤ ሁለቱ የታች ክንዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይወዛወዙ ከኋላ አክስሉ ጋር አስረው የሚይዟቸውን ብረቶች ማለቴ ነው። ትራክተሬ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን ሦስት መሣሪያዎችን እየቀያየርሁ እሠራበታለሁ፤ እነሱም ባለሦስት ዲስክ ማረሻ፣ መደልደያ ምላጭ እና በፒ.ቲ.ኦ. (የሞተሩን ኃይል ወደ መሣሪያው በሚያወጣው የትራክተሩ ዘንግ) የሚሽከረከር ሣር ማጨጃ ናቸው።

ባለፉት ሁለት የእርሻ ወቅቶች ሦስት ጊዜ ጉዳት ደርሶብኛል። በመጀመሪያ የግራው ማረጋጊያ ዘንግ ወገቡ ላይ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ አቃንቼ መልሼ ገጠምሁት። ቀጥሎ ያው ዘንግ የማጥበቂያው ጥርስ ላይ ተሰበረ። በዚህ ተማርሬ ሁለቱንም ጎኖች በሰንሰለት አስቀየርሁ። ሦስተኛው ጉዳት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰንሰለቱ ምንም ሳይሆን የታሰረበትን መያዣ ብረት ከነቡሎኖቹ ከአክስሉ ላይ ገነጠለው፤ ከቡሎኖቹም አንዱ የቀዳዳውን ጥርስ ይዞ ወጣ። የሚገርመው ደግሞ ይህ የሆነው እያረስሁ ሳለ አይደለም፤ የማሳው ጫፍ ላይ ቆሜ ማረሻውን ወደ ላይ በማንሳት ላይ ሳለሁ ነው።

አንድ በያጅ መያዣውን ከአክስሉ ጋር በይጄው ሰንሰለቱንም በወፍራም የብረት ዘንግ ልተካው ብሎኛል። እኔ ግን ከማወፈሬ በፊት ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። አስተካከሌ እንዲህ ነው፤ መሣሪያውን ገጥሜ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሁለቱንም ጎኖች እኩል እስኪወጠሩ ድረስ አጠብቃለሁ፤ መሣሪያ በቀየርሁ ቁጥር ግን አልነካቸውም። ስህተቱ የት ላይ ነው?

ዳዶና ቡሎን

ወንድሜ፣ «ቆሜ በማንሳት ላይ ሳለሁ» ያሉት ሐረግ ከቀረው ጽሑፍዎ ሁሉ የበለጠ ይናገራል። ድንጋይ ሳይመታው፣ ትራክተሩም ሳይንቀሳቀስ የተገነጠለ መያዣ የጎን ግፊት አልነካውም፤ የገነጠለው የራስዎ ሃይድሮሊክ ነው።

የታች ክንዱ የሚነሳውና የሚወርደው የፊት ጫፉን የያዘውን ፒን ዙሪያ ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ደግሞ አክስሉ ላይ ሌላ መነሻ አለው። ሁለቱ መነሻዎች ከትራክተሩ ጎን ሆነው ሲያዩዋቸው በአንድ ከፍታና በአንድ መስመር ላይ የሚውሉ ከሆነ፣ ክንዱ ቢነሳም ቢወርድም ለሰንሰለቱ የሚያስፈልገው ርዝመት አይለወጥም። የብዙዎቹ ትራክተሮች መያዣ ግን በዚያ መስመር ላይ አይውልም። ሰንሰለቱ የታሰረው ከክንዱ ፒን ዝቅ ብሎ ከሆነ መሣሪያውን ማንሳት ያጠብቀዋል፤ ከፍ ብሎ ከታሰረ ደግሞ በተቃራኒው ማውረድ ያጠብቀዋል።

ነገሩን በቁጥር ላሳይዎ። ሰንሰለቱ የታች ክንዱን የያዘው ከፊት ፒኑ 40 ሴ.ሜ. ርቆ ነው እንበል፤ አክስሉ ላይ የታሰረበት ነጥብ ደግሞ ከፒኑ 5 ሴ.ሜ. ዝቅ ያለ፣ ወደ ውስጥም 15 ሴ.ሜ. የገባ ይሁን። ክንዱ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወደ ታች ሲወርድ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 40.6 ሴ.ሜ. ነው፤ ክንዱ አግድም ሲሆን ወደ 43 ሴ.ሜ. ያድጋል፤ 30 ዲግሪ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ 45.3 ሴ.ሜ. ይሆናል። ከታች እስከ ላይ 4.7 ሴ.ሜ. ልዩነት መጣ ማለት ነው። እርስዎ ማረሻው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ ሰንሰለቱን ወጥረው ከጨረሱ በኋላ 4.7 ሴ.ሜ. ተለጠጥ ብለው አዘዙት። ማረሻው ሁለቱን ክንዶች በቋሚ ስፋት ስለያዛቸው ወደ ውስጥ ሊገቡለት አይችሉም፤ ሃይድሮሊኩም ከአንድ ቶን በላይ ለማንሳት የተሠራ ስለሆነ ከምንም አይቆጥረውም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ከሰንሰለቱ፣ ከፒኑና ከመያዣው መካከል ማን ቀድሞ ይሸነፋል የሚለው ብቻ ነው።

ስለዚህ ማስተካከል ያለብዎ በጣም በሚጠብቅበት ከፍታ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይደለም። መሣሪያውን ገጥመው ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ሰንሰለቶቹን በሁለቱም ጎን በደንብ ያላሏቸው፤ ከዚያም ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አድርገው በትንሽ በትንሹ እያነሱ የሰንሰለቱን መወጠር ይከታተሉ። ከፍታውን ካገኙ በኋላ መሣሪያውን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፈው፣ ሞተሩን አጥፍተውና ቁልፉን ነቅለው ብቻ እጅዎን ያስገቡ፤ በሃይድሮሊክ ብቻ በተንጠለጠለ መሣሪያና በትራክተሩ መካከል ሰው አይገባም። በዚያ ከፍታ ላይ ሰንሰለቱ በእጅ ሲነቀነቅ ጥቂት እንዲላወስ አድርገው ይተዉት። ዝቅ ሲል የሚፈጠረው ልቅነት ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው፤ እንዲያውም ለማረሻ ተፈላጊ ነው።

ከተቻለ ከእያንዳንዱ የታች ክንድ ጫፍ እስከ ጎማው የውስጥ ጎን ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ መሣሪያው መሃል ላይ የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ሰንሰለት ብቻውን ሁሉን ይሸከማል።

መሣሪያ ሲቀያየር ሰንሰለቱን አለመንካትም የራሱ መዘዝ አለው። ማያያዣዎች ካቴጎሪ በሚባሉ የመጠን ደረጃዎች ይከፈላሉ፤ የካቴጎሪ 1 መሣሪያ የታች ፒኖች በ683 ሚ.ሜ. ስፋት፣ የካቴጎሪ 2 ደግሞ በ825 ሚ.ሜ. ስፋት የተቀመጡ ናቸው። አንዱን አውርደው ሌላውን ሲገጥሙ እያንዳንዱ የክንድ ጫፍ 71 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። ለጠባቡ የተስተካከለ የውስጥ ሰንሰለት ለሰፊው ያጥራል፤ ለሰፊው የተስተካከለውም ለጠባቡ ተንዘላዝሎ ይቀራል።

ከመሪው ኋላ

እኔ ዓመቱን ሙሉ አላልቼ ነው የምሠራው፤ አንድም ቀን ተሰብሮብኝ አያውቅም። ማጥበቅ ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ዳዶና ቡሎን

ማረሻ ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ እስከ ተወሰነ ድረስ እስማማለሁ። ጠያቂው ግን ሣር ማጨጃም አላቸው። ተዳፋት ላይ የተንዘላዘለ ማጨጃ ወደ ቁልቁሉ ይሸሻል፤ የታች ክንዱ ጎማውን ይፍቃል፤ ካርዳኖውም (ከፒ.ቲ.ኦ. ወደ ማጨጃው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) ወደ ጎን እየተጣመመ የመጋጠሚያውን መስቀል ይበላል። ማረሻውም ቢሆን ተነሥቶ በመንገድ ላይ ሲጓዝ እንደ ደወል ምላስ ከወዲህ ወዲያ የሚማታ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሰንሰለቱን በመዶሻ እንደ መምታት ነው። የሚሰብረው መወጠር ብቻ አይደለም፤ ልቅ ሆኖ በድንገት መወጠርም ይሰብራል።

አሮጌ ሹፌር

ትልመኛ፣ ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ለሦስተኛው ጉዳትዎ በቂ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ግን ሌላ ታሪክ አለው። የተሳበ ዘንግ ይበጠሳል እንጂ እንደ ቀስት አይጎብጥም፤ ዘንግ የሚጎብጠው ከጫፍና ከጫፍ ሲገፋ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ዘንጉ የጎበጠው በመደልደያ ምላጩ ወደ ኋላ እየነዱ አፈር ሲገፉ ነበር?

የታች ክንዶች የተሠሩት ለመጎተት ነው። ምላጩን አጣምመው ወደ ኋላ ሲገፉና አንዱ ጥጉ ጉቶ ወይም ድንጋይ ሲያገኝ፣ የትራክተሩ ክብደት በሙሉ በአንድ ጎን ወደ ታች ክንዱና ወደ ማረጋጊያው ይመጣል። ወደ ኋላ መግፋት ግድ ከሆነ ምላጩን ቀጥ አድርገው፣ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ልቅ አፈር ብቻ ይግፉ።

ስለ ማረሻው ደግሞ። ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ባወጣው ትራክተር ያስፋፋው ይህ ማያያዣ፣ ሁለቱ የታች ክንዶች ወደ ፊት እየተቀራረቡ እንዲሄዱ ተደርጎ የተሠራ ነው። ክንዶቹን በሐሳብ ወደ ፊት ብናስረዝማቸው ከትራክተሩ ፊት አካባቢ ይገናኛሉ፤ ማረሻውም በዚያ ነጥብ ላይ የታሰረ ያህል ሆኖ ራሱን በራሱ ወደ መሃል ይመልሳል። ይህ እንዲሆን መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል። ማረሻ መሬት ውስጥ ሳለ በየጎኑ ከ2 እስከ 5 ሴ.ሜ. ቢላወስ ደግ ነው፤ ትክክለኛውን ልክ የትራክተሩ መመሪያ ይነግርዎታል። ግራና ቀኙን ገትረው ከያዙት መሪውን ባዞሩ ቁጥር ማረሻውን በጎን እየገፉ መሬት ለማስቆፈር ይታገላሉ። ከዚህም የባሰው ማሳው ጫፍ ላይ ደርሶ ዲስኮቹ ከመሬት ሳይወጡ መዞር ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በችኮላ ስንት ፒን እንደቆረጥሁ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ይነሣ፤ ከዚያ ይዙሩ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ማንም አላነሳውም። የዲስክ ማረሻ ዲስኮቹ በማእዘን የተቀመጡ ስለሆኑ አፈሩ ያለማቋረጥ ወደ ጎን ይገፋዋል። ያንን ግፊት እንዲቀበል የተሠራው ከማረሻው ኋላ ያለው፣ የትልሙን ግድግዳ ተደግፎ የሚሄደው ዘንበል ያለ ጎማ ነው። የዚያ ጎማ ኩሽኔታ ካለቀ፣ ወይም ጎማው ከፍ ብሎ ትልሙን መያዝ ካቃተው፣ ግፊቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ማረጋጊያው ይመጣል። ማረጋጊያው የግራው ብቻ እየተጎዳብዎ ከሆነ መጀመሪያ ሄደው ያንን ጎማ በእጅዎ ነቅንቀው ይዩት። ቀጥሎ የትራክተሩን የጎማ ስፋት ከማረሻው የሥራ ስፋት ጋር ያስተያዩ፤ ትራክተሩ ሰፊ ሆኖ ማረሻው ከመሃል ወጥቶ የሚጎተት ከሆነ የትኛውም ማስተካከያ አያቃናውም።

የብየዳ ጭስ

እንጀራዬ ብየዳ ነው፤ ቢሆንም መያዣውን ከአክስሉ ጋር አያስበይዱ እላለሁ። የአክስሉ ቤት ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ብረት ያለ በቂ ዝግጅት ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱም ውስጥ ያሉትን ዘይት መያዣ ጎማዎች ሊያበላሽ ይችላል። የሰንሰለቱን ቀለበት መበየድም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ታክሞ ስለሆነ የእኔ እሳት ያንን ሕክምና ያጠፋበታል፤ ከውጭ ሲያዩት ያማረ፣ ከውስጥ ግን የደከመ ይሆናል።

ማወፈርን በተመለከተ፣ ከላይ በተሰጡት ልኮች ላይ ሒሳብ ሠራሁ። የታች ክንዱ 80 ሴ.ሜ. ርዝመት ቢኖረውና ጫፉ ላይ 500 ኪሎ የጎን ግፊት ቢያርፍበት፣ ሰንሰለቱ ክንዱን የያዘው መሃሉ ላይ ስለሆነ እዚያ ቦታ የሚደርሰው ግፊት እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ኪሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በጠባብ ማእዘን ወደ ፊት ሾልኮ ስለሚሄድ፣ ያንን 1,000 ኪሎ ለመያዝ በራሱ ላይ 2,900 ኪሎ ገደማ መሳብ አለበት። ይህ ኃይል የትም አይጠፋም፤ ዘንጉን ባወፈሩት ቁጥር የሚሰበረው ቦታ ወደ አክስሉ ይጠጋል። ፒን ሲሰበር ፒን ይገዛሉ፤ የአክስሉ ቤት ሲሰነጠቅ ግን ትራክተሩ ለሁለት ተከፍሎ ይቆማል። እንግዲህ ደካማው ክፍል የትኛው ቢሆን እንደሚሻል እርስዎ ይፍረዱ።

ቡሎኖቹን ሲቀይሩ መመሪያው ያዘዘውን ጥንካሬ ይጠብቁ። ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ታትሞ ያገኛሉ፤ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር ቡሎኑ ከመበጠሱ በፊት የሚችለውን ጉልበት በመቶዎች ይነግርዎታል፤ 8 ማለት በካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ነው። ምንም ቁጥር የሌለውን ለዚህ ቦታ አይጠቀሙ። በፒን ቦታ ቡሎን መሰካት ግድ ከሆነም የሚቆርጠው መስመር ጥርሱ ላይ ሳይሆን ለስላሳው አካሉ ላይ እንዲውል ይሁን፤ ጥርስ ማለት አስቀድሞ የተሰነጠቀ ብረት እንደ ማለት ነው። ጥርሱ የተበላው የአክስል ቀዳዳ ደግሞ ሰፋ ተደርጎ ተቦርቡሮ የብረት ጥርስ እጅጌ ሊገባበት ይችላል፤ ይህን ግን በእጅ መሰርሰሪያ ሳይሆን በቶርኖ ባለሙያ ያሠሩት። መያዣው የሚቀመጥበትን ፊት ከቀለምና ከዝገት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት፤ ቀለም ሲጨፈለቅ ቡሎኑ ይላላል። የመጀመሪያውን ቀን ከሠሩ በኋላም ቡሎኖቹን መልሰው ይፈትሿቸው።

ሁለተኛውን ጉዳትዎን ረስተነው እንዳናልፍ። ማጥበቂያው የቀኝና የግራ ጥርስ ያለው ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ርዝመት ሲያጥረው እየፈታ እየፈታ ጫፉ ላይ ያደርሰዋል። ከዘንጉ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጥርስ ውስጥ ካልቀረ ሸክሙን ጥቂት ጥርሶች ብቻ ናቸው የሚይዙት። የእርስዎ ዘንግ ደግሞ አንዴ ጎብጦ የተቃና ነበር፤ የተቃና ዘንግ ጥርሱ መነሻ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ትልመኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአራት ቀናት ስፈትሽ ሰንብቼ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አሮጌ ሹፌር እንደገመቱት ዘንጉ የጎበጠው ምላጩን በግራ ጥጉ ወደ ኋላ እየገፋሁ ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ያየሁት ሁለቱን አላገናኘኋቸውም። የትልም ጎማውን ስነቀንቀው በእጄ ውስጥ ተንገዳገደ፤ ኩሽኔታው ዱቄት ሆኗል። የጎማውን ቆብ ስከፍተው የወጣው ግራሶ ሳይሆን ቀይ ጭቃ ነው።

ለሰንሰለቱ መያዣውን በአዲስ ቡሎን ካስገጠምሁ በኋላ ለካሁ፤ የታሰረበት ነጥብ ከክንዱ ፒን 4 ሴ.ሜ. ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ሰንሰለቱን ድሮ አደርግ በነበረው ርዝመት አስሬ ማረሻውን በዝግታ ሳነሳ፣ ገና የጉዞውን ግማሽ ሳያልፍ ሰንሰለቱ ተገትሮ አክስሉ ጋ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው አወረድሁት። አሁን ከላይ ባለው ከፍታ ላይ ጥቂት እንዲላወስ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፤ ታች ሲሆን በየጎኑ 3 ሴ.ሜ. ያህል ይላወሳል። የማጥበቂያው ጥርስ ላይም ለማረሻ ቀይ፣ ለማጨጃ ነጭ፣ ለምላጭ ቢጫ ቀለም ቀብቻለሁ፤ መሣሪያ ስቀይር ዳዶውን እስከ ቀለሙ አዙሬ በመቆለፊያ ዳዶው አስረዋለሁ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ቀርቷል። ማጨጃውን መሬት ላይ ሲሠራ እንዳይወዛወዝ ካጠበቅሁት ሲነሳ ከልክ በላይ ይጠብቃል፤ ሲነሳ እንዲበቃው ካላላሁት ደግሞ ሲሠራ ይወዛወዛል። ሁለቱን እንዴት ላስታርቃቸው? በተጨማሪም የማጨጃው ፒን በታች ክንዱ ቀዳዳ ውስጥ በጣም ይንገዋለላል።

ዳዶና ቡሎን

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የመጀመሪያውን ግማሹን እሱ ይፈታዋልና። ማጨጃዎ ካቴጎሪ 1፣ የትራክተርዎ ክንድ ካቴጎሪ 2 ይመስለኛል። የካቴጎሪ 1 የታች ፒን ውፍረቱ 22 ሚ.ሜ. ሲሆን የካቴጎሪ 2 ደግሞ 28 ሚ.ሜ. ነው። በመካከሉ ያለው የ6 ሚ.ሜ. ክፍተት በየጎኑ ተደምሮ ነው ማጨጃውን የሚያወዛውዘው፤ እርስዎ ግን ያንን ክፍተት ሰንሰለት በማጥበቅ ሊያጠፉት ይሞክራሉ። ለዚሁ የተሠራ የብረት እጅጌ አለ፤ ፒኑ ላይ ይጠለቃል። እሱን ያግቡና ከዚያ በኋላ ምን ያህል ማጥበቅ እንደሚቀርዎ ይዩ።

ለቀረው ደግሞ የማንሻውን ከፍታ ይገድቡት። ከሃይድሮሊክ ማንሻው አጠገብ የሚንሸራተት መገደቢያ አለ፤ ማጨጃው መሬቱን ለቅቆ ለመዞር የሚበቃውን ከፍታ ካገኘ በኋላ ማንሻው ከዚያ እንዳያልፍ መገደቢያውን እዚያው ላይ ያጥብቁት። የሚነሳበት ርቀት ሲያጥር የሰንሰለቱም ልዩነት ያጥራል፤ በመጀመሪያው ምሳሌዬ ክንዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ዝቅ ካለበት ተነሥቶ አግድም ላይ ቢቆም ልዩነቱ ከ4.7 ወደ 2.4 ሴ.ሜ. ይወርዳል። ካርዳኖውም እየተሽከረከረ ከልክ በላይ ከመታጠፍ ይድናል። በዚያ በተገደበ ከፍታ ላይ ሰንሰለቱን ጥቂት ብቻ እንዲላወስ አድርገው ያስተካክሉት፤ ነጩን ቀለምም እንደገና ይቀቡት።

ትልመኛ (ጠያቂ)

እጅጌዎቹን አስገባሁ፤ መገደቢያውንም አጠበቅሁ። ማጨጃዋ ዛሬ ተዳፋቱን ሙሉ ስታጭድ ዋለች፤ ጎማው ላይ አዲስ የተፋቀ ምልክት የለም፤ የመያዣው ቡሎኖችም በመፍቻ ስሞክራቸው ንቅንቅ አላሉም። ነጩ ቀለም ከድሮው ቦታው ሁለት ጥርስ ወደ ውጭ ወጥቷል።